ግንቡ ላይ የመጣው አረንጓዴ

ጦቢያ አረንጓዴውን ያየችው ሐምሌ ሃያ ቀን ጠዋት፣ ነፋስ የወሰደባትን የትራስ ልብስ ፍለጋ ከቤቶቹ ጀርባ በገባች ጊዜ ነው።

በቤቶቹና በድንጋዩ ግንብ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል ብቻ ነው። ማንም አይገባበትም። የትራሱ ልብስ ጭቃ ላይ ወድቋል። ጎንበስ ብላ ስታነሳው ክንዷ ግንቡን ነካ፤ የነካት ግን ድንጋይ አልመሰላትም። ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ እርጥብ በግ ጠጉር። ዘወር ብላ አየች። ግንቡ ከጉልበቷ እስከ ደረቷ ድረስ አረንጓዴ ለብሷል። በጣቷ ጫን ስትለው ውሃ እንደ ስፖንጅ ተጨምቆ በእጇ አንጓ ላይ ወረደ።

ሌላ ሰው ቢሆን «እንዴት ያምራል!» ብሎ ፎቶ ያነሳ ነበር። ጦቢያ ግን ጣቷን ቶሎ ሰበሰበች። አረንጓዴው እዚያ መሆን አልነበረበትም።

ጦቢያ ፈሪ ናት። ይህን እሷም አትክድም። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ቂርቆስ ነው፤ አግብታ የገባችበት ግቢ ደግሞ ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ሲኬድ ቁልቁለቱ ላይ፣ አራት አባወራ የሚኖርበት ነው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ልጅ የላትም። የጋዝ ሲሊንደር ትፈራለች። ሊፍት ትፈራለች። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ከማለቷ በፊት ልቧ ይመታል። የካዛንቺስ ቤቶች ከፈረሱና ጎረቤቱ ከተበተነ ወዲህ ደግሞ ወረቀት የያዘ ሰው ባየች ቁጥር በሯን ትዘጋለች።

በጥር ወር መሬት መንቀጥቀጡ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማ ሰሞን፣ አንድ ቀን አልጋዋ ነቅነቅ ሲልባት ድስት ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ወጣችና «ውጡ! ውጡ!» ብላ ግቢውን በሙሉ አስወጣች። ሁሉም በሌሊት ልብሱ ብርድ ላይ ቆመ። ምንም አልሆነም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎረቤቷ ሸምሰዲን ስሟን ለውጦ «ኮማንደር» ይላታል። ሚኒባስ የሚጠግን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ሲያሻውም «ኮማንደር ድስት» ይላል። እሷም ትስቃለች። የምትስቀው ግን ሌላ የምታደርገው ስለሌላት ነው።

ይህች ፈሪ ሴት በዓለም ላይ የማትፈራው አንድ ነገር ቢኖር ያ ግንብ ነበር። ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከበላይ ያለውን ግቢ አፈር ደግፎ ይዞ፣ ከታች በእነ ጦቢያ ጣሪያዎች ላይ አጎንብሶ ይቆማል። እንግዳ ሁሉ ሲያየው «ይሄ ነገር አይወድቅም?» ብሎ ይጠይቃል። ጦቢያ ግን ለምን እንደማይወድቅ ታውቃለች። የነገሯት መምህር ኢያቄም ናቸው።

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ሆና ሠርታለች። ብልቃጥ ታጥባለች፣ ማይክሮስኮፕ ትወለውላለች፣ መምህራኑ የሚፈልጉትን ናሙና ታመጣለች። መምህር ኢያቄም የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ። በየዓመቱ አንድ ቀን «ጦቢያ፣ ነገ እነዚያን ሁለቱን» ይሏታል። ሁለቱን የምታመጣው ከዚሁ ከግቢዋ ግንብ ነው። አንዱን ከታች፣ ቧንቧው ከሚያንጠባጥብበት ጥግ፣ በማንኪያ ታነሳዋለች። ሌላውን ከላይ፣ ፀሐይ ከሚመታው ደረቅ ድንጋይ፣ በቢላ ፍቃ ፍቃ በስንት መከራ ጥፍር የምታህል ታገኛለች።

መምህሩ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ተማሪው በሙሉ «ሽበት ነው፤ የድንጋይ ሽበት!» ይላል። ያኔ በብልቃጥ ውሃ ያንጠባጥቡባቸዋል። ከታች የመጣው ደርቆ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ተኮማትሮ የነበረው፣ ዓይን እያየው ይፍታታል። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይዘረጋሉ፤ አረንጓዴ ይሆናል።

«ይሄ ሞስ ይባላል» ይላሉ መምህሩ። «ተክል ነው። ትንሽዬ ግንድ ብጤ አለው፣ ቅጠል ብጤ አለው። እውነተኛ ሥር ግን የለውም። ውሃ የሚጠጣው በገላው በሙሉ ነው። ስለዚህ ሲለመልም ካያችሁት፣ እዚያ ውሃ አለ ማለት ነው።»

ከዚያ ወደ ግራጫው ይዞራሉ። ግራጫው ውሃ ቢፈስበትም ጠቆር ከማለት በቀር ብዙም አይለወጥም።

«ይሄኛው ላይከን ነው። እንዲያውም አንድ ፍጥረት አይደለም። ፈንገስና አልጌ አብረው የመሠረቱት ቤት ነው። አልጌው ከፀሐይ ምግብ ይሠራል፤ ፈንገሱ ጣሪያና ግድግዳ ይሆናል።»

«ቲቸር፣ ሲጣሉስ?» አለች አንድ ዓመት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ።

«ቢጣሉማ ሁለቱም ድንጋዩ ላይ መክረም አይችሉም። ስለዚህ ችለው ይኖራሉ። ደግሞ ሲያድጉ እንደናንተ አይቸኩሉም። ሰሃን የሚያህል ለመሆን የአንድ ሰው ዕድሜ ሊፈጅባቸው ይችላል። እናም ላይከን በደንብ የለበሰ ድንጋይ ስታዩ፣ ይሄ ድንጋይ ከቦታው ሳይነቃነቅ ብዙ ዘመን ቆይቷል በሉ።»

ጦቢያ ይህን የሰማችው በር ላይ ቆማ ብልቃጥ ስትወለውል ነው። ማታ ቤቷ ገብታ በመስኮት ግንቡን አየችው። ከአናቱ እስከ ወገቡ በግራጫ ክብ ክብ ተሸልሟል። ከሁሉም የምትወዳት አንዲት ነበረች፤ የስኒ ማስቀመጫ ሰሃን የምታህል፣ ጠርዟ የተቆረጠ የሚመስል፣ ግማሿ በአንድ ድንጋይ ግማሿ ከሥሩ ባለው ድንጋይ ላይ የተዘረጋች። «ሰሃኗ» ትላታለች። ያን ማታ እንቅልፍ የወሰዳት ሳታስበው ነው። ከዚያ በኋላ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ክረምት ሲገባ ቀና ብላ ሰሃኗን ታያለች፤ እሷ ካለች ግንቡ አለ።

አሁን፣ የትራሱን ልብስ እንደጨበጠች፣ ሞሱ ከቧንቧው ጥግ ወጥቶ የግንቡን ወገብ ይዞ አየችው። የት የት እንደበዛም አስተዋለች። በጣም የለመለመው ቀዳዳዎቹ በነበሩበት ዙሪያ ነው።

ቀዳዳዎቹ ስድስት ነበሩ፤ ግንቡን የሠሩት ሰዎች ከጀርባው ያለው ውሃ እንዲወጣበት የተዉአቸው። አሁን የሲሚንቶ መድፈኛ እንደ ቁስል ሽፋን ተለጥፎባቸዋል። ያስደፈነቻቸው ደግሞ ጦቢያ ራሷ ናት።

በግንቦት ነው። የሸምሰዲንና የሚስቱ የአዚዛ ልጅ ሪሐና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጣች። አዚዛ የኋለኛውን ክፍል አዘጋጀችላት፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ከሰው ዓይን የራቀ ነው፣ አራስ አርባ ቀን ደህና ትተኛበታለች። ጦቢያ ሪሐናን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሰው ናት። ክፍሉን አይታ ፍርሃቷ ተነሳ። ከቀዳዳዎቹ የሚወርደው ውሃ የክፍሉን የጭቃ ግድግዳ ከኋላ ያረጥበዋል። ቀዝቃዛ አየርም ይመጣል። «አራስ ብርድ ይመታታል፤ ድፈነው» እያለች ሸምሰዲንን አንድ ሳምንት ነዘነዘችው። እሱም «የኮማንደር ትእዛዝማ ይፈጸማል» ብሎ ጆንያ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ ደፈነው። ግድግዳው ደረቀ። አዚዛም መረቀቻት።

ውሃው ግን የትም አልሄደም። ይህንን ጦቢያ አሁን ነው ያሰበችው።

ቀስ ብላ ቀና አለች። ሰሃኗን ፈለገቻት። ሰሃኗ ለሁለት ተከፍላለች። የታችኛው ድንጋይ ጣት ያህል ወደ ቤቱ ወጥቷል፤ ግማሾቹ አይገጥሙም።

እንዴት ከዚያ እንደወጣች አታውቅም። ሸምሰዲን በረንዳው ላይ ቁርስ እየበላ ነበር።

«ሸምሱ፣ ግንቡ ሊወድቅ ነው።»

«እንዴት አደርሽ ኮማንደር። ድስትሽን የት ጣልሽው?»

«ቀልዱን ተው። ሞስ ወጥቶበታል። አረንጓዴ ሆኗል፣ ውሃ ይዟል...»

«አረንጓዴ?» እጁን ከሳህኑ አነሳ። «ሀገሩ በሙሉ አረንጓዴ ይልበስ እየተባለ፣ የኛ ግንብ በራሱ ተነሳሽነት ቢለብስ ምን አጠፋ?»

ቢሆንም ተነስቶ ተከተላት፤ ክፉ ሰው አይደለም። በጎኑ ገብቶ በመዳፉ ግንቡን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። ጦቢያ በመታው ቁጥር ዓይኗን ጨፈነች። «ይኸው። አንቺም ግፊው እስቲ! ስንጥቁም የድሮ ነው።»

«የድሮ አይደለም። ይቺ ሙሉ ነበረች፤ እኔ አውቃታለሁ።»

«ሽበት ታውቂያለሽ?» ሳቁን ዋጠው። «በቃ እሺ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ግንበኛ አመጣለሁ። ወይስ አሁኑኑ መዶሻ ይዤ ቀዳዳዎቹን ልክፈታቸው?»

«መዶሻ አታስነካው!» ብላ ጮኸች። ራሷም ደነገጠች።

አዚዛ ጩኸቱን ሰምታ ከማዕድ ቤት መጣች። ጦቢያ ሪሐና ወደ እሷ ቤት ትምጣ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ብላ ለመነቻት።

«በአሥራ ዘጠኝ ቀኗ?» አለች አዚዛ። «በዚህ ዝናብ ግቢ ልታቋርጥ? ምች ቢመታት፣ ጡቷ ቢነጥፍ፣ ምን ልትዪኝ ነው? ያንቺ ጣሪያ ደግሞ ያፈሳል።»

«አዚዛዬ፣ እኔ እንዲያው...»

«ብርድ ይገባል ድፈኑ ያልሽው አንቺ። አሁን ውሃ ሞላ የምትዪውም አንቺ። እኛስ የቱን ፍርሃትሽን እንስማ ጦቢያ?»

ጦቢያ የትራሱን ልብስ ይዛ ተመለሰች። ቤቷ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እውነትም የቱን? ምናልባት ስንጥቁ የቆየ ነው። ምናልባት ዓይኗ ነው። በጥርም እንዲሁ እርግጠኛ ነበረች። ስልኳን አንስታ መምህር ኢያቄም ጋ ደወለች፤ ጡረታ ወጥተው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። አቋርጠው አልሳቁም። እስክትጨርስ አዳመጧት።

«ሞሱ ውሃ አለ ይልሻል፤ ይሄ እውነት ነው» አሉ። «ላይከኗ ድንጋዩ ተነቃነቀ ትልሻለች፤ ግን መቼ እንደተነቃነቀ፣ አሁንም ይነቃነቅ እንደሆነ እኔም አንቺም አናውቅም። እነዚያ የማይክሮስኮፕ መስታወቶች አሉሽ?»

ጡረታ ስትወጣ ትምህርት ቤቱ አንድ ካርቶን ሸልሟት ነበር። «አሉ መምህር።»

«ስንጥቁን አሻግረሽ ሁለቱን ጫፍ በጀሶ ለጥፊ። መስታወት አይለጠጥም። ግንቡ ጥቂት ከሄደ ይሰበራል። ከተሰበረ፣ ጦቢያ፣ ማንንም አትጠይቂ። ሰው ከዚያ ይውጣ።»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ ለጣሪያዋ መድፈኛ ከገዛችው የተረፈ ጀሶ በጣሳ በጥብጣ ክፍተቱ ውስጥ ገባች። ከዚያ በፊት በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ግንቡ የሚተነፍስባት መሰላት። ሦስት መስታወት ለጠፈች፤ አንዱን ሰሃኗ ላይ፣ ግማሹን ከግማሿ ጋር እንደ ፕላስተር አያይዛ።

በማግሥቱ ደህና ነበሩ። በሁለተኛውም ቀን ደህና ነበሩ።

«ኮማንደር፣ መስታወቱ ምን አለ?» አለ ሸምሰዲን ወደ ጋራዥ ሲወጣ።

«ምንም።»

«ከሰው ይሻላል።»

ጦቢያ በሀፍረት አንገቷን ደፋች። ደስ ሊላት ሲገባ ደስ አላላትም። ማታ ማታ ደግሞ አልጋዋ ላይ ሆና አንድ ነገር ራሷን ትጠይቃለች፤ እውነት የሚያስፈራኝ ግንቡ ነው፣ ወይስ ቀዳዳውን ያስደፈንኩት እኔ መሆኔ?

ሐምሌ ሃያ ሦስት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ ሰማዩ ጠቁሮ ወረደ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሰው ድምፅ አይሰማም። ጦቢያ ጃንጥላ ይዛ ወጣች። የክፍተቱ አፍ ላይ ቆማ አንገቷን አስገባች። ከሞሱ ሥር የሚንጠፈጠፈው ውሃ እስከ ትናንት ንጹሕ ነበር፤ አሁን ወተት እንደነካው ሻይ ደፍርሷል። ከግንቡ ጀርባ አፈር ይዞ እየመጣ ነው። የታችኛው መስታወት ተሰብሯል። መካከለኛውም። ሰሃኗ ላይ ያለውን ስታየው፣ እያየችው፣ ነጭ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰመረበትና ለሁለት ሆነ።

ሸምሰዲን ሥራ ላይ ነው። አዚዛ ከግቢው ማዶ ማዕድ ቤት ናት። ጦቢያ ጃንጥላዋን ጥላ፣ ሮጣ የአራሷን ክፍል ከፈተች። ሪሐና በጎኗ ተኝታለች፤ ከውሰር ያሏት ሕፃን ልጇ አጠገቧ ተጠቅልላለች። ራስጌያቸው ግድግዳው ነው፤ ከግድግዳው ኋላ ግንቡ።

«እትዬ ጦቢያ? ምነው? በሩን ይዝጉት፣ ብርድ ገባ።»

ጦቢያ አፏን ከፈተች። ሞስ፣ ላይከን፣ መስታወት፣ ደፍራሽ ውሃ፣ የቱን አስቀድማ ትናገር? ብትናገርስ ማን ያምናታል? «እናቴን ልጠይቃት» ትላለች ሪሐና። እናትየዋ መጥታ ትቆጣለች። ይከራከራሉ። እዚያው ክፍል ውስጥ ቆመው ይከራከራሉ።

ሕፃኗን አነሳቻት። በነጠላዋ ሸፈነቻትና ምንም ሳትናገር ወደ ዝናቡ ወጣች።

«እትዬ! ልጄን! እማዬ! እማዬ ድረሺ!»

ሪሐና ባዶ እግሯን፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን፣ ከአልጋ ወርዳ ተከተለቻት። አዚዛ ማማሰያ እንደያዘች ከማዕድ ቤት ብቅ አለችና ልጇን በረዶ ላይ ስታያት «ወይኔ! ጦቢያ አበደች!» ብላ ጮኸች። ጦቢያ ግን ግቢውን አቋርጣ የራሷ በር ላይ ደርሳ ነበር። ዞረች። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«ስጪኝ ሕፃኗን!» አለች አዚዛ ደርሳ።

«ግንቡ...»

«ስጪኝ አልኩሽ! ገደልሻት እኮ! ልጄን ገደልሻት!»

ሪሐና ጥርሷ እየተንገጫገጨ በሩ ላይ ቆማለች፤ ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። የኋለኛው ክፍል እንደወትሮው ቆሟል። ዝናብ ብቻ ነው። ምንም የለም። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ምናልባት ሁለት። ጦቢያ በዚያች ሰዓት የተሰማትን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም፤ ግንቡ ይውደቅ ብላ ተመኘች። ስንት ዓመት አይወድቅም ብላ የተማመነችበትን፣ ጎረቤት ፊት እንዳታፍር ብላ፣ ይውደቅ አለች። ወዲያው ደግሞ ያሰበችው ራሱ አስፈራት።

አዚዛ ሕፃኗን ነጥቃ ልጇን በክንዷ ይዛ ወደ ክፍሉ መመለስ ጀመረች። ሦስት እርምጃ ሄዱ። ጦቢያ ተከትላ የአዚዛን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። «አትሂጂ። ምቺኝ፣ ስደቢኝ፣ ግን አትሂጂ።»

«ልቀቂኝ!»

አልለቀቀችም። ቀሚሱ ተቀደደ። ያኔ ነው ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ የመጣው። ረጅም አልነበረም። የክፍሉ ቆርቆሮ ወደ መካከል ታጠፈ፣ በሩ ብቻውን ወደ ውጭ ተወርውሮ ወደቀ፣ ጭቃና ድንጋይ በበሩ ቀዳዳ ፈሶ ወጣ። ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ። አልጋው ከነብርድ ልብሱ የት እንዳለ አይታይም።

አዚዛ ሕፃኗን እንዳቀፈች ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

«ቀዳዳውን ያስደፈንኩት እኔ ነኝ» አለች ጦቢያ።

አዚዛ ቀና ብላ አየቻት። «አውቃለሁ» አለች። «አሁን ዝም በይና ለሪሐና ደረቅ ነገር አልብሻት።»

ሸምሰዲን ሲመጣ ፍርስራሹ ፊት ቆሞ አንድም ቀልድ አልቀለደም። በማግሥቱም በስሟ «ጦቢያ» ብሎ ጠራት፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም አስፈራት። ሪሐናን ምች አልመታትም። የቀሩትን ቀናት በጦቢያ አልጋ ላይ ታረሰች፤ ጣሪያው ሲያፈስ ያ ድስት ከሥር ይቀመጣል። ግንቡ መስከረም ላይ እንደገና ተሠራ፤ በመሐሉ ወፋፍራም የውሃ ማስወጫ ቱቦ ገብቶበታል። ድንጋዩ ነጭና ራቁቱን ነው። ሽበት እስኪያበቅል ጦቢያ አትደርስበትም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወጥታ ቱቦዎቹ መፍሰሳቸውን አንድ በአንድ ታያለች።

ከዚያ ወዲህ የግቢው ሰው አመል ለውጧል። የጣሪያ ዝገት ሲያይ፣ ግድግዳ ላይ እርጥበት ሲያይ፣ ዛፍ ሲያዘምም፣ በሯን ያንኳኳል። «እስቲ ነይና እይልን» ይላታል። አዚዛም ትመጣለች። ጦቢያ ትወጣለች፤ ታያለች፤ ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም። ግን ቤቷ ከገባች በኋላ እንቅልፍ አይወስዳትም። ድሮ ስትፈራ የሚሰማት ሰው አልነበረም። አሁን «ምንም አይደለም» ስትልም ያምኗታል፤ ሄደውም ይተኛሉ።